አንድ መድኃኒት፣ ሁለት ወንድማማቾች፦ ለትኩረት ማነስ ችግር የሚሰጠው ሕክምናና አላግባብ መጠቀም የሚያስከትለው ጉዳት



በአንድ ሀገረ ስብከት በሰጠነው የጤና ግንዛቤ ሥልጠና ላይ አንድ አረጋዊ ቄስ በዕረፍት ሰዓት ወደ እኛ ቀርበው ያልጠበቅነውን ጥያቄ አቀረቡልን። የንስሐ ልጃቸው የሆኑ አንዲት እናት አንድ የመድኃኒት ብልቃጥ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አምጥተው «አባቴ፣ ይህን ነገር ከቤቴ ያውጡልኝ፤ ልጄን ሊያሳጣኝ ነበር» ብለዋቸው ነበር። ቄሱም ብልቃጡን በእጃቸው ይዘው «ልጣለው ወይስ ልመልስላቸው?» ሲሉ ጠየቁን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናትየዋ የበኩር ልጅ ለዓመታት በአሜሪካ ኖሮ ወደ ሀገሩ የተመለሰ ነው። እዚያ ሳለ ሐኪሞች መርምረው የትኩረት ማነስ ችግር እንዳለበት አረጋግጠዋል፤ በየማለዳው የሚወስደው መድኃኒትም አዘውለታል። ታናሽ ወንድሙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በፈተና ሰሞን ከወንድሙ ብልቃጥ በድብቅ ክኒን እያወጣ ወሰደ፤ በላዩም ጫት ቃመ። ሁለት ሌሊት ሳይተኛ ካደረ በኋላ ልቡ ክፉኛ እየመታ፣ «ሰዎች ይከታተሉኛል» እያለ ሆስፒታል ገባ። በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞች ርዳታ ድኗል። እናቲቱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ብልቃጡን እንደ እባብ ያዩት ጀመር።

ታሪኩን የጻፍነው ቤተሰቡ ስለፈቀደልን ነው፤ ማንነታቸውን የሚገልጽ ነገርም አስቀርተናል። የጻፍንበት ምክንያት ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ ነው። ያ ብልቃጥ ለታላቁ ወንድም ሕክምና፣ ለታናሹ ደግሞ ጉዳት ሆኗል። ልዩነቱን ያመጣው ምርመራው፣ መጠኑና የሐኪም ክትትሉ ነው። ይህን የማያውቅ አገልጋይ ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ሊወድቅ ይችላል፤ ወይ ሕመምተኛውን መድኃኒቱን ያስጥለዋል፣ ወይ መድኃኒቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር እያየ ዝም ይላል።

የችግሩ ምንነት

በሕክምናው ዓለም ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው ችግር በአማርኛ «የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ» ተብሎ ሊገለጽ ይችላል። ከአእምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘና በልጅነት የሚጀምር ችግር ሲሆን፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ደጋግሞ የመታየት ባሕርይ አለው። ብዙ ሰዎች የሕፃናት ብቻ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ከልጆቹ በርካታዎቹ ችግሩን ይዘውት ያድጋሉ። በዓለም አቀፍ ግምት ከ100 ዐዋቂዎች መካከል ከ2 እስከ 3 የሚሆኑት አለባቸው።

በዐዋቂ ላይ ሲታይ መልኩ ይለወጣል። በልጅነቱ ከወንበር ወንበር ሲዘል የነበረው ሰው ካደገ በኋላ ውጫዊው መቅበጥበጥ ቀንሶ ውስጡ ግን አይረጋጋም። ቀጠሮ ይረሳል፤ የጀመረውን ሥራ አይጨርስም፤ ዕቃ ይጥላል፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ያቋርጣል፤ ገንዘቡን ሳያስብ ያወጣል። በሰበካችንም እናውቀዋለን፤ ኃላፊነት ሲሰጥ በቅን ልብ ቀድሞ እጁን የሚያነሣ፣ ቃለ ጉባኤውን ግን ግማሽ ላይ የሚተው፣ ሪፖርቱን ወር ሙሉ «ነገ አመጣለሁ» የሚል ወንድም ነው። ሰነፍ ይባላል፤ ቃሉን የማይጠብቅ ይባላል፤ እርሱም ራሱን እንዲያ እያለ ይኖራል።

ይሁን እንጂ የሚረሳ ሁሉ ይህ ችግር አለበት ማለት አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ መሠረት፣ ዐዋቂ ሰው ከትኩረት ማነስ ወይም ከመቅበጥበጥና ከችኩልነት ምልክቶች ቢያንስ 5 ሊታዩበት፣ ምልክቶቹ 6 ወርና ከዚያ በላይ ሊቆዩ፣ በርከት ያሉትም ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ ሊሆኑ ይገባል። በተጨማሪም በቤትም በሥራም፣ ማለትም ቢያንስ በሁለት ቦታዎች የሚታዩና ኑሮን በእውነት የሚያሰናክሉ መሆን አለባቸው። የእንቅልፍ እጦት፣ ጭንቀት፣ ድባቴ፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመም፣ የመጠጥና የጫት ልማድ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። ስለዚህ ምርመራው የሐኪም ሥራ ነው፤ ከጓደኛ ወሬ ወይም ከስልክ ላይ ከሚገኝ መጠይቅ ብቻ የሚደረስበት አይደለም።

መድኃኒቱ የሚሠራው እንዴት ነው?

ለዚህ ችግር የሚታዘዙት መድኃኒቶች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ አነቃቂ መድኃኒቶች ሲሆኑ ሜቲልፌኒዴትና የአምፌታሚን ዝርያዎች ይገኙባቸዋል። ሪታሊንና አደራል የሚባሉት የንግድ ስሞች ከእነዚህ የመጡ ናቸው። ሁለተኛዎቹ አነቃቂ ያልሆኑ ናቸው፤ ከእነርሱም አቶሞክሴቲን ይጠቀሳል። አቶሞክሴቲን ውጤቱን ለማሳየት ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ነገር ግን ሱስ የማስያዝ ባሕርይ የለውም።

አነቃቂ መድኃኒቶች ለዚህ አገልግሎት መዋል የጀመሩት በቅርቡ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1937 ቻርልስ ብራድሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በሮድ አይላንድ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል ከአምፌታሚን ዝርያ የሆነ መድኃኒት ለልጆች ሰጥቶ በትምህርታቸውና በጠባያቸው ለውጥ ማየቱን ጽፏል። ሜቲልፌኒዴት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1944 በስዊዘርላንድ ተቀምሞ ከዐሥር ዓመታት ገደማ በኋላ ለገበያ ቀርቧል።

አሠራራቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። የአእምሮ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡባቸው ዶፓሚንና ኖርኤፒኔፍሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ትኩረትን ለመሰብሰብ፣ ስሜትን ለመግታት፣ የተጀመረን ሥራ ለመዝለቅ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። መድኃኒቱ እነዚህ ንጥረ ነገሮች በሕዋሳቱ መካከል በበቂ መጠን እንዲገኙ ያደርጋል። ምሳሌው ሙሉ ባይሆንም በወጥ ቤት እንመስለው፤ ጨው ላነሰው ወጥ ጨው ሲጨመርበት ይጣፍጣል፤ ልኩን ላገኘው ወጥ ያንኑ ያህል ቢጨመርበት ግን ይበላሻል።

ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ በትንሽ መጠን ይጀምራል፤ የደም ግፊትንና የልብ ምትን እየለካ ቀስ በቀስ ይጨምራል። የልብ ሕመም፣ ከፍተኛ የደም ግፊት፣ ቀድሞ የነበረ ከባድ የአእምሮ ሕመም ወይም ሱስ ካለ ጉዳዩን በጥንቃቄ ይመዝናል፤ ሌላ መድኃኒትም ሊመርጥ ይችላል። በትክክል በሚወስዱትም ላይ ቢሆን የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የአፍ መድረቅ፣ ራስ ምታት፣ የልብ ምት መጨመርና መነጫነጭ ሊታዩ ይችላሉ። እነዚህ ሲያጋጥሙ ለሐኪም መንገር እንጂ በራስ ውሳኔ መጨመርም ሆነ መቀነስ አይገባም።

መድኃኒቱ የሚያስፈልገው ሰው ቢያቋርጥስ?

እናቲቱ «ብልቃጡ ከቤቴ ይውጣ» ማለታቸው ከእናትነት የመጣ ነው። ነገር ግን ብልቃጡ ቢጣል ለታላቁ ልጅ ምን ይተርፈው ነበር? በስዊድን 17,408 በዚህ ችግር የተያዙ ሰዎችን መረጃ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት መድኃኒት ይወስዱ የነበሩ ወንዶች ላይ ከባድ የትራፊክ አደጋ በ58 በመቶ ቀንሶ መታየቱን ዘግቧል፤ በሴቶች ላይ ግን ይህን ያህል ግልጽ ልዩነት አልተገኘም። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2012 በዚያው ሀገር ከ25,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ መድኃኒቱን በሚወስዱባቸው ጊዜያት ወንዶቹ ወንጀል የመፈጸማቸው ነገር በ32 በመቶ፣ ሴቶቹ ደግሞ በ41 በመቶ ዝቅ ብሎ መታየቱን አሳይቷል።

እነዚህ ቁጥሮች መድኃኒቱ ብቻውን ሰውን መልካም ያደርጋል አይሉም። የሚነግሩን፣ ሳያስብ የሚቸኩል ሰው አንዲት ቅጽበት ቆም ብሎ እንዲያስብ ዕድል ማግኘቱ ለእርሱም ለጎረቤቱም ዋጋ እንዳለው ነው። መኪና የሚያሽከረክር፣ ከማሽን ጋር የሚሠራ ወይም ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ያለ ሐኪም ምክር መድኃኒቱን እንዲጥል መምከር ያለ ዋጋ የሚታለፍ ምክር አይደለም።

በሌላ በኩል መድኃኒት ሁሉን አይሠራም። ሥራን በትንንሹ መከፋፈል፣ ቀጠሮን መጻፍ፣ በቂ እንቅልፍ፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ ከባለሙያ ጋር የሚደረግ የንግግር ሕክምና ሁሉም የሕክምናው አካል ናቸው። በልዩ ልዩ ምክንያት መድኃኒቱን ያላገኘ ወይም የማይስማማው ሰውም በእነዚህ ይረዳል።

አላግባብ መጠቀም ማለት ምን ማለት ነው?

«ሱሰኛ» የሚለውን ቃል ከመናገራችን በፊት ነገሩን ለይተን ልናውቀው ይገባል። አነቃቂ መድኃኒትን አላግባብ መጠቀም በአምስት መንገዶች ይከሰታል። አንደኛ፣ የታዘዘለት ሰው ከታዘዘው መጠን በላይ ሲወስድ ነው። ሁለተኛ፣ ያልታዘዘለት ሰው ሲወስድ ነው። ሦስተኛ፣ ክኒኑን ፈጭቶ በአፍንጫ መሳብን በመሰለ ባልተፈቀደ መንገድ መጠቀም ነው፤ በዚህ ጊዜ መድኃኒቱ ወደ አእምሮ በፍጥነት ስለሚደርስ በሱስ የመያዝ አደጋው ይጨምራል። አራተኛ፣ ከአልኮል፣ ከጫት ወይም ከሌላ አነቃቂ ጋር መቀላቀል ነው። አምስተኛ፣ ለሌላ መስጠት ወይም መሸጥ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በጣም የተለመደውና ኃጢአት የማይመስለው ለሌላ መስጠት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015ና በ2016 በተሰበሰበ ሀገር አቀፍ መረጃ ላይ የተደረገ ጥናት በዓመቱ ውስጥ ወደ 16 ሚሊዮን የሚጠጉ ዐዋቂዎች በሐኪም የሚታዘዝ አነቃቂ መድኃኒት መጠቀማቸውን፣ ወደ 5 ሚሊዮን የሚሆኑት አላግባብ መውሰዳቸውን ገልጿል። አላግባብ ከወሰዱት ከግማሽ በላይ የሆኑት ምክንያታቸው ለመደሰት ሳይሆን ነቅቶ ለመሥራትና ትኩረት ለማግኘት ነበር። ከግማሽ በላይ የሆኑትም ያገኙት ከጓደኛ ወይም ከዘመድ በነጻ ነው። በሩን የሚከፍተው እንግዳ ነጋዴ ሳይሆን «እንካ፣ ይጠቅምሃል» የሚል የቤተሰብ እጅ መሆኑን ልብ በሉ።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በእነዚህ መድኃኒቶች ሁሉ ላይ ያለው ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ እንዲታደስ አዝዟል። ማስጠንቀቂያው አላግባብ መጠቀም ወደ ሱስ፣ ከመጠን በላይ ወደ መውሰድና ወደ ሞት ሊያደርስ እንደሚችል ይገልጻል፤ መድኃኒቱን ለማንም ማካፈል እንደማይገባም ያሳስባል።

ለመሆኑ ጤናማው ተማሪ ቢወስደው በእርግጥ ይጎብዛል? መድኃኒቱ ማንንም ሊያነቃ ይችላል፤ ስለዚህ «ወስጄው ነቃሁ» ማለት ችግሩ እንዳለብን ማረጋገጫ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ፣ የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ40 ጤናማ ሰዎች ላይ ያደረጉት ጥናት መድኃኒቶቹን ሲወስዱ ተሳታፊዎቹ ብዙ ጊዜና ጥረት ቢያወጡም የሥራቸው ጥራት መቀነሱን አሳይቷል። ታናሹ ወንድምም የነገረን ይህንኑ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ምዕራፍ ደጋግሞ ሲያነብ አድሮ በፈተናው ጠዋት ያነበበውን ማስታወስ አቃተው።

ጫትና ክኒን

ይህ ጉዳይ የሩቅ ሀገር ብቻ የሚመስለን ካለን ጫትን እናስታውስ። በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ አሠራሩም ሆነ ውቅሩ ከአምፌታሚን ጋር የተቀራረበ ነው። ስለዚህ አነቃቂ ክኒን ወስዶ ጫት የሚቅም ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እየወሰደ ይምሰለው እንጂ አንዱን ጫና በሌላው ላይ እየደራረበ ነው። የልብ ምትና የደም ግፊት በአንድነት ይጨምራሉ፤ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ጥርጣሬና የሌለ ድምፅ መስማት ሊከተል ይችላል። በታናሹ ወንድም ላይ የደረሰው ይህ ነው።

ሌላም ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ያልታከመ የትኩረት ችግር ያለባቸው ሰዎች በልዩ ልዩ ሱስ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከፍ ያለ መሆኑ ይታወቃል። «ጫት ካልቃምሁ ሐሳቤን መሰብሰብ አልችልም» የሚሉ ወንድሞች ሁሉ ይህ ችግር አለባቸው አንልም፤ ሐሳብ አለመሰብሰቡ ራሱ ከጫቱ የመጣ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲያ የነበረ ሰው ካለ ከተግሣጽ ጋር ወደ ሐኪም የሚያደርስ መንገድ ቢጠቆመው መልካም ነው። ተግሣጽ ብቻውን የሰማው ሰው ምናልባት ዕድሜውን ሙሉ ሲገሠጽ የኖረ ነው።

በሻንጣ የሚመጣ መድኃኒት

ከውጭ ሀገር የሚመጣ ዘመድ መድኃኒት ይዞ መምጣቱ በሀገራችን የተለመደ የፍቅር ሥራ ነው። ብዙ ሕይወትም ተርፎበታል። አነቃቂ መድኃኒቶች ግን ከሌሎቹ የተለዩ ናቸው። ሜቲልፌኒዴትና አምፌታሚን እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ስምምነት ሁለተኛው ሰንጠረዥ ውስጥ የተመዘገቡ፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው። በአሜሪካ ሕግ የታዘዘለት ሰው ለሌላ አሳልፎ ቢሰጥ ወንጀል ነው። በሀገራችንም እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች በልዩ ማዘዣ የሚሰጡና ቁጥጥር ያለባቸው ናቸው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ተጓዥ ለራሱ የታዘዘለትን እንኳ ይዞ ለመግባት አስቀድሞ የሀገሪቱን የጤና ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት ይጠበቅበታል። ወደ ዓረብ ሀገር ለሥራ የምትሄድ እኅታችን «ይህን ለዘመዴ አድርሺልኝ» ተብላ በማታውቀው ክኒን ምክንያት በአየር ማረፊያ ልትያዝ ትችላለች። የማናውቀውን መድኃኒት ለማንም አለመያዝን በጉዞ ጸሎት ላይ ብንነግራት ስንቅ ይሆናታል።

ለራሱ የታዘዘለትን መድኃኒት ይዞ የሚጓዝ ሰው ግን መድኃኒቱን ስሙ በተጻፈበት በዋናው ዕቃው፣ ከሐኪም ደብዳቤና ከማዘዣው ጋር ይያዝ፤ የሚሄድበትን ሀገር ሕግም አስቀድሞ ይጠይቅ።

በውጭ ለሚኖሩ ምእመናንም ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 በአሜሪካ የአደራል እጥረት መኖሩ በይፋ ተገልጿል። በመድኃኒት ቤት ያጣ ሰው ከመንገድ ወይም በስልክ መልእክት ከሚሸጥ ሰው ለመግዛት ይፈተናል። አደራል መስለው የተሠሩ ሐሰተኛ ክኒኖች ሜታምፌታሚን ወይም እጅግ ገዳይ የሆነው ፌንታኒል እንደሚገኝባቸው የዚያ ሀገር ባለሥልጣናት ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። አንዲት ክኒን ሕይወት ልታጠፋ ትችላለች።

ጾም፣ ጸበልና መድኃኒት

ከካህናት ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ በአብዛኛውም በማለዳ ይወሰዳል። ሕመምተኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም ከዋለ፣ ሲያመሽም ሳይርበው ከተኛ፣ ሰውነቱ እየመነመነ ይሄዳል። አንዳንዱም ይህን እንደ መንፈሳዊ ብርታት ይቈጥረዋል፤ ሌላውም «ለጾም ያግዘኛል» ብሎ መጠኑን ይጨምራል። ይህም አላግባብ መጠቀም ነው። ጾም ፈቅደን የምናቀርበው መሥዋዕት እንጂ ክኒን የሚሠራልን ነገር አይደለም። ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው በንስሐ አባቱ ምክር ጾሙ እንዲቀልለት ይፈቅዳል። የሚበጀው ሕመምተኛው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከንስሐ አባቱም ከሐኪሙም ጋር ተማክሮ መድኃኒቱን የሚወስድበትን ሰዓትና የሚበላውን ነገር መወሰኑ ነው።

ስለ ጸበልም መንገዱን አባቶቻችን አሳይተውናል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን መሰጠት ሲጀምር ብዙዎች ጸበል ለመጠመቅ ሲሉ መድኃኒቱን ያቋርጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በይፋ አስተምረዋል። ያ ትምህርት ለአእምሮ ሕክምናም ይሠራል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበርንና መድኃኒትን አለመናቅን ያስተምራል። ሐዋርያው ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሕመሙ ሲመክረው ጥቂት እንዲወስድ ነበር የነገረው፤ መጠን በዚያም አለ።

መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥም የራሱ ችግር አለው። በብዛት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ድንገት ሲያቆም ከባድ ድካምና ድባቴ ሊወድቅበት፣ ራሱን የመጉዳት ሐሳብም ሊመጣበት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ብቻውን በጸበል ቦታ ሊተው አይገባም።

ሰበካ ጉባኤው ምን ሊያደርግ ይችላል?

ከዚህ በታች የዘረዘርነው ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም።

1. አለመፈረጅ። «ሰነፍ» ወይም «መንፈስ ያደረበት» ከማለት በፊት ከልጅነቱ ጀምሮ እንዴት እንደነበር መጠየቅ፤ ችግሩ የሚመስል ከሆነም ወደ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል መላክ። የት መሄድ እንዳለበት የማያውቅ ሰው በቅርቡ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምር፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ይላካል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአእምሮ ሕክምና ያገለገለ መሆኑ ይታወቃል።

2. መድኃኒቱን መጠበቅ። መድኃኒቱ በሚቈለፍ ሣጥን ይቀመጥ፤ ክኒኖቹ በየሳምንቱ ይቈጠሩ። የተረፈው ወይም ጊዜው ያለፈበት ለመድኃኒት ቤት ይመለስ እንጂ በመሳቢያ አይቀመጥ። የታዘዘው ወሩ ሳይሞላ ካለቀ፣ ወይ ታማሚው ከመጠን በላይ እየወሰደ ነው፣ ወይ ሌላ ሰው እየወሰደበት ነው።

3. ለተማሪዎች በጊዜው መናገር። የግቢ ጉባኤያትና የሰንበት ትምህርት ቤቶች ከፈተና በፊት ስለ ጫት ብቻ ሳይሆን ስለ ክኒንም ያስተምሩ። እንቅልፍ የጥናት ጠላት ሳይሆን ያጠኑትን የሚያጸና መሆኑን ይንገሯቸው።

4. አደጋውን መለየት። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የሰውነት መንቀጥቀጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የሌለ ነገር ማየትና መስማት፣ ለቀናት አለመተኛት ሲታዩ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል። ለሐኪሙም የተወሰደውን ሁሉ፣ ጫቱንም ጭምር፣ ሳይደብቁ መናገር ይገባል። ታናሹን ወንድም የጠቀመው ጓደኛው ኀፍረቱን ትቶ እውነቱን መናገሩ ነው።

5. ምሥጢር መጠበቅ። የአንድ ምእመን የአእምሮ ሕክምና በቃለ ጉባኤ የሚመዘገብ፣ በማኅበር ጠበል ላይ የሚነሣ ጉዳይ አይደለም። ምሥጢሩ የወጣበት ሰው ሁለተኛ አይመጣም።

6. በአገልግሎት መደገፍ። ችግሩ ላለበት ወንድም ሥራው በአጭር በአጭሩ ተከፍሎ፣ በጽሑፍና ከነቀኑ ይሰጠው፤ አብሮት የሚሠራ አንድ ሰውም ይመደብለት። ትኩረት የሚያንሰው ሰው ብዙ ጊዜ ልቡ ለአገልግሎት የፈጠነ ነው፤ የጎደለው መንገዱን የሚያበጅለት ሰው ነው።

ብልቃጡ የት ደረሰ?

ወደ አረጋዊው ቄስ ጥያቄ እንመለስ። «አባታችን፣ አይጣሉት፤ ግን ለእናቲቱም እንዲሁ አይመልሱላቸው» አልናቸው። ቄሱ በማግስቱ ታላቁን ልጅ ጠርተው ብልቃጡን በእጁ ሰጡት፤ ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም እንዲሄድም መከሩት። ከአሜሪካ ከተመለሰ ጀምሮ አንድም ጊዜ ክትትል አላደረገም ነበር። ሐኪሙ የደም ግፊቱን ለክቶ ከፍ ብሎ ስላገኘው ሕክምናውን እንደገና አስተካከለለት። ማንም ሳያየው የቀጠለው መድኃኒት ለእርሱም ቢሆን ያለ አደጋ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ታወቀ። ሣጥኑ ቍልፍ ተገዛለት።

ታናሹ በቀጣዩ ወሰነ ትምህርት ፈተናውን በድጋሚ ወሰደ። ጫቱን ለመተው አሁንም እየታገለ ነው፤ ድል አድርጓል ብለን አንጽፍም። ነገር ግን በየሳምንቱ ወደ ንስሐ አባቱ ይመጣል። ሁለቱ ወንድማማቾች ለወራት ተኳርፈው ቆይተው ነበር፤ ታላቁ «ሰረቅኸኝ»፣ ታናሹ «አንተ ስትወስደው ፈውስ፣ እኔ ስወስደው ኃጢአት የሆነው ለምንድን ነው?» ይባባሉ ነበር። የታናሹ ጥያቄ መልስ የሚገባው ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም በየሰበካው እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ሲመጣ ካህኑና ኮሚቴው የሚመልሱለት እንዳያጡ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።